አምስት ሴንቲሜትር

ዴልፎር ጂራውዶን ቅናተኛ ነህ ብሎ የሰደበው ሰው የለም። ሚስቱ ግላዲስ በመንደሩ በዓል ላይ ከሥጋ ሻጩ ጋር ሦስት ዘፈን ሙሉ ስትጨፍር ዳር ቆሞ ያጨበጭባል እንጂ ግንባሩን አይቋጥርም። የወንድሙ አዲስ ትራክተርም ሆነ የጎረቤቱ መዋኛ ገንዳ እንቅልፍ ነስቶት አያውቅም። ቅናት የያዘው በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ያውም ከምድር ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ርቆ በሚዞር ብረት።

የዴልፎር ሥራ በአፈር ውስጥ ያለውን ውሃ መለካት ነው። በሳንታ ኤውላሊያ የእርሻ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሠርቷል። ማለዳ ተነስቶ ረጅሙን የአፈር መሰርሰሪያ ፒክአፑ ላይ ይጭናል፤ ማሳ መሃል ቆሞ ይሰረስራል፤ የወጣውን አፈር ቁጥር የተጻፈበት ጣሳ ውስጥ ከትቶ ይከድናል። ጣቢያው ሲመለስ ይመዝነዋል፣ መቶ አምስት ዲግሪ በጋለ ምድጃ አንድ ቀን ሙሉ ያደርቀዋል፣ እንደገና ይመዝነዋል። የጎደለው ውሃ ነው። ይህን ማንም ሊሠራው ይችላል። የዴልፎር መዳፍ ግን ምድጃው ነገ የሚናገረውን ዛሬ ይናገር ነበር። አፈሩን ጨብጦ ይለቅና «አስራ ስምንት ከመቶ» ይላል፤ በማግስቱ ሚዛኑ አስራ ስምንት ተኩል ይላል። ገበሬዎቹም ይህን ስላወቁ ምድጃውን መጠበቅ ከተዉ ቆይተዋል።

በእነዚያ የኮርዶባ ሜዳዎች ማረስ ቀርቷል። ያምናው ሰብል ገለባ መሬቱን ሸፍኖት ይከርማል፤ ዘሩ የሚገባው ከገለባው ስር ነው። አፈሩ ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ብርዱ አልፎ በቆሎ ሊዘራ ሲል ከዳቦ ቤቱ እስከ ነዳጅ ማደያው የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ዴልፎር ምን አለ?»

ከሁሉም ይልቅ በዴልፎር አፍ የሚኖረው ኤልቪዮ ክራቬሮ ነበር። የልጅነት ጓደኛው ነው፤ የልጁ የክርስትና አባት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ዴልፎር ቃል መዝሪያውን መሬት አስነክቶ አያውቅም። የመንደሩ ሰው «ኤልቪዮ ሁለት ሚስት አለው፤ ሁለተኛዋ ዴልፎር ናት» እያለ ይቀልድ ነበር። ዴልፎር ይህን ሲሰማ የተቆጣ ይመስላል፤ ልቡ ግን ቅቤ ይጠጣል።

ኦርኔላ ፓውታሶ የመጣችው ብርዱ ሊያበቃ ሲል ነው። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የግብርና ኢንጂነር፣ ኮምፒውተሯን ከብብቷ የማትለይ። በመጣች በሳምንቷ የኅብረት ሥራውን አዳራሽ አስከፍታ ገበሬውን ሰበሰበችና ግድግዳው ላይ አንድ ካርታ አበራች።

«ማይክሮዌቭ ነው» አለች። «ሳተላይቱ ሞገዱን ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ አፈሩን ነክቶ ይመለሳል። እርጥብ አፈር አበርትቶ ይመልሰዋል፤ ደረቅ አፈር ያዳክመዋል። እኔ የተመለሰውን ወደ ቀለም እቀይራለሁ። ሰማያዊ እርጥብ፣ ቢጫ ደረቅ።»

«ሾርባ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ?» አለ ሽማግሌው ባውዲኖ ከኋላ ወንበር። «ላሞቼ ቆመው ሊቀቀሉ ነው በለኛ!»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። «የእሱ ዘመድ ነው ዶን ባውዲኖ፤ ግን ሰነፉ ዘመድ። ምንም አያሞቅም። ጠይቆ መልስ ይሰማል፣ በቃ።»

ዴልፎር ግድግዳውን ተደግፎ ጉረኛ እንድትሆንለት ይመኝ ነበር። ጉረኛ ብትሆን ይንቃታል፤ ንቆም ይገላገላል። እሷ ግን ዞር ብላ በእጇ አሳየችው። «አንድ ነገር እንዳትረሱ። ይህ የሚያየው የላይኛውን አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን የሚያውቁት ዶን ዴልፎር ናቸው።»

ይህንን የሰማ ሰው አልነበረም። ሁሉም ተነስቶ ካርታው ላይ የየራሱን ማሳ ይፈልግ ነበር። ኤልቪዮ ለቅዳሴ እንኳ የማያወጣውን መነጽር አውጥቶ አፍንጫው ላይ ሰካና ጣቱን ግድግዳው ላይ ተከለ።

«ይሄ የኔ ነው! አንተ ዴልፎር፣ ና እይ! የከብቶቹ ኩሬ እንኳ ይታያል!»

ዴልፎር ሄዶ አየ። «ጥሩ ነው» አለ። አንጀቱ ግን እርር ድብን አለ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ከእጁ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ «ካርታው ምን አለ?» ሲባል ሰማ። ቀድሞ ማለዳ ማለዳ የሚደውሉለት ሰዎች አሁን ስልካቸውን አፍጥጠው ቀለም ይጠብቃሉ። ይህንንስ ይችለው ነበር። ያልቻለው ኤልቪዮን ነው። እሁድ እሁድ ሥጋ ሊጠብስ ሲመጣ ወሬው ሁሉ «ኢንጂነሯ እንዲህ አለች፣ ኢንጂነሯ እንዲህ ላከችልኝ» ሆነ። አንድ እሁድ ዴልፎር ቆጠረ፤ ከመጀመሪያው ቋሊማ እስከ መጨረሻው ጎድን ድረስ ስሟን አስራ አንድ ጊዜ ጠራ። የእሱን ስም ሁለት ጊዜ፣ ያውም ጨው አቀብለኝ ለማለት።

ኤልቪዮ ሲሄድ ግላዲስ ሳህኖቹን እየሰበሰበች ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሌላ ሴት ብትወድ ይሻለኝ ነበር» አለችው። «ቢያንስ ጎረቤት ያዝንልኛል። ባሌ በኤልቪዮ ክራቬሮ ይቀናል ብዬ ለማን ልንገር?»

«ማን ቀና?»

«ቲማቲሙ ይመስክራ! ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሹካ ስትወጋው አልነበር?»

«አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። አንተ ግን ዝም ስትል ታስፈራለህ።»

በዚያ ዓመት ብርዱ ያለ ጠብታ አለፈ። ኤልቪዮ ያለፈውን ሰብል በረዶ ስለመታበት፣ ለዘንድሮው ዘር አስራ አራት ጊደሮች ሸጦ ነበር። ዘሩ መጋዘኑ ውስጥ ተደርድሮ ዝናብ ይጠብቃል። ኦክቶበር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ስምንት ሚሊ ሜትር ዘነበ። ገለባው ረጠበ፣ አቧራው ተቀመጠ፣ ሰውም ወደ ሰማይ ማንጋጠጡን ትቶ መዝሪያውን ግራሶ መቀባት ጀመረ።

ሳተላይቱ ረቡዕ ንጋት ላይ ያልፍ ነበር። ኦርኔላ ካርታዋን የምታመሳክረው በዚያው ሰዓት ከመሬት በተወሰደ አፈር ስለሆነ፣ ማክሰኞ ማሳዎቹን ለጣቢያው ሠራተኞች አከፋፈለች። የኤልቪዮን ለዴልፎር ሰጠችው። ሌላ ሰው ቢሄድበት አጥሩን እንኳ አያገኘውም አለች። ቅጹንም ሰጠችው፤ የማሳው ስም፣ ሰዓት፣ የጣሳ ቁጥር፣ ከዜሮ እስከ አምስት ሴንቲሜትር ያለው እርጥበት። ከዚያ በታች መስመር የለም፤ ሞገዱ የማያየውን መጠየቅ ለእሷ ሥራ አያስፈልግም ነበርና። ኅዳጉ ግን ሰፊ ነበር።

ዴልፎር ረቡዕ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከኤልቪዮ አጥር ገባ። ገለባውን ገለጥ አድርጎ የላይኛውን አፈር ዘገነ። ጥቁር ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ሃያ ሁለት ከመቶ ገደማ። ጣሳ ቁጥር ሠላሳ አንድ ውስጥ ከደነው። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። እጁ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ልማዱን አልተወም፤ መሰርሰሪያውን አነሳና ተከለ፤ እያዞረ እስከ እጀታው አስገባው። ሃያ ሴንቲሜትር ላይ የወጣው አመድ ነው። አርባ ላይ የወጣው እንደ ደረቅ ብስኩት ይሰበራል። መዳፉ ላይ አድርጎ ጨበጠው፤ ሲለቀው ተበተነ።

ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ዘሩ ከላይ ያገኛትን እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ይበቅላል፣ ሥሩን ወደ ታች ሲሰድ ደረቅ ያገኛል። ከሰሜን ሞቃቱ ነፋስ ከተነሳ ደግሞ የላይኛዋም በሦስት ቀን ታልቃለች። ዴልፎር እስክሪብቶውን አወጣ። ኅዳጉ ላይ «ሃያ ላይ ደረቅ፤ እንዳይዘራ» ብሎ ሊጽፍ እጁን ዘረጋ።

ስልኩ ጮኸ። ኤልቪዮ ለገበሬዎቹ ሁሉ የላከው የድምፅ መልእክት ነበር። «ጎበዝ፣ ኢንጂነሯ ካርታው ዛሬ ይደርሳል ብላለች። የኔው ሰማያዊ ከሆነ ነገ መዝሪያዬን አወርዳለሁ፤ ወሬ የለም!»

ዴልፎር መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማው። ስሙ የለበትም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ እሱ ስም የወጣ የመጀመሪያው የዘር ወሬ ነው።  የሰው ማሳ መሃል ቆሞ፣ አመድ የሆነውን አፈር በእጁ ይዞ፣ እንደተተወ ባል ተቃጠለ። «ካርታዋ ትንገረዋ!» አለ ጮክ ብሎ። ቅጹ ላይ «ከዜሮ እስከ አምስት፤ እርጥብ» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። መሰርሰሪያውን በጨርቅ ጠርጎ ጫነና ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት በመንገዱ ሲያልፍ ኤልቪዮ ማሳው ላይ ነበር። መዝሪያው ወርዷል፤ ከኋላው ቀጭን አቧራ ይነሳል። ዴልፎር ሳያስበው ፍጥነቱን ቀነሰ። ኤልቪዮ አይቶት ትራክተሩን አቆመና ከመቀመጫው ተነስቶ ጠበቀው። ገና ስድስት ጉዞ ቢዘራ ነው፤ የቀረው ዘር ሁሉ ሊተርፍ ይችላል። ዴልፎር በሩን ከፍቶ ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነበረበት። ከዚያ ኤልቪዮ በየጉዞው የኢንጂነሯን ስም እየጠራ ሲዘራ ታየው። ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን አነሳለት፤ በዚያ አገር መንገድ ላይ ሰላምታ ይኸው ነው። ኤልቪዮም ኮፍያውን አውልቆ አወዛወዘለትና ሥራውን ቀጠለ።

ቅዳሜ የሰሜን ነፋስ ተነሳ። ስድስት ቀን ሙሉ ነፈሰ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ በጠሰ፣ በየበሩ አቧራ አከማቸ። በተዘራ በአስራ ሦስተኛው ቀን የኤልቪዮ ማሳ ላይ ከአስር ዘር ሁለቱ ብቅ ብለው ነበር፤ እነሱም እንደ ገለባ ቢጫ። የቀረው አፈር ውስጥ በቅሎ አፈር ውስጥ ደረቀ።

ዴልፎር ሲሰማ ደስ አለው። እዚህ ላይ እሱን ለመሸፈን መዋሸት አይገባም፤ ደስ አለው። ኤልቪዮ ዕለቱን ደውሎ «አንተን ባለመጠየቄ ጅል ነኝ» የሚለው መስሎት ስልኩን ወደ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዞ ገባ። ስልኩ አልጮኸም። በሦስተኛው ቀን የደወለችው ኦርኔላ ናት፤ ማሳው ላይ እንገናኝ አለች።

ሲደርስ ኦርኔላ ተንበርክካ በቢላ ትቆፍር ነበር። መዳፏ ላይ ያበጡ፣ ነጭ ጭራ ያወጡ፣ የደረቁ ዘሮች ይዛለች። ኤልቪዮ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቡናማ ሣር ይነቅላል። በሁለት ሳምንት አምስት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ዴልፎር የሚሰማውን ለመስማት ጆሮውን አቁሞ ተጠጋ፤ ይቺን ሰዓት ሲጠብቃት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ኦርኔላ ቀና ሳትል። «የላይኛው እርጥብ ነበር፤ ካርታው አልተሳሳተም። ግን ቅጹ ላይ የሃያውንም መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። ዶን ኤልቪዮ፣ እኔን አምነው ነው የዘሩት።»

ዴልፎር ኤልቪዮ እስኪጮህባት ጠበቀ። ኤልቪዮ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም ልጄ። አታልቅሺ፤ ያንቺን ካርታ አይቼ አልዘራሁም። ሰማያዊ ሆኖ መጣ፣ እውነት ነው። ቢሆንም መዝሪያውን አላወርድም ነበር።» በጣቱ ወደ ውሃ መሳቢያው የነፋስ ወፍጮ ጠቆመ። «ረቡዕ ማለዳ እዚያ ላይ ወጥቼ ግራሶ እየቀባሁ ዴልፎርን አየሁት። መሰርሰሪያውን እስከ እጀታው አስገባው። አፈሩን ጨበጠ። ክፉ ከሆነ ወደ ቤት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጠርጎት ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ስዘራ አለፈ። ትራክተሩን አቁሜ ጠበቅሁት፤ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እንግዲህ ዴልፎር ካለፈ ምን እፈራለሁ?»

ነፋሱ ቆሞ ነበር። 

«እስቲ ንገራት ወንድሜ» አለ ኤልቪዮ፣ ቀና ብሎ እያየው። «ከታችም እርጥብ ነበር፤ የዘረፈን ነፋሱ ነው። አይደል? ልጅቷ በከንቱ ራሷን እየበላች ነው።»

አዎ ብሎ መገላገል ይችል ነበር። ኤልቪዮ ራሱ ነው በሩን የከፈተለት። አዎ ቢል እሷም ትድናለች፣ እሱም ይከበራል፣ ከነገ ጀምሮ ዳቦ ቤቱም ወደ ድሮው ጥያቄ ይመለሳል። ዴልፎር አፉን ከፈተ፤ ግን የኤልቪዮን ዓይን እያየ ያንን ቃል ማውጣት አልቻለም።

«ደረቅ ነበር» አለ። «ሃያ ላይ አመድ ነበር። አርባውም ያው ነው።»

ኤልቪዮ የነቀለውን ሣር ከእጁ ጣለ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሐሙስ ስታልፍም?»

«ሐሙስም።»

«ለምን?»

ዴልፎር ሌላ ቃል ፈለገ። ሃምሳ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ሊናገረው የሚገባ አንድ በሳል ነገር ፈለገ። የወጣው ግን የሰባት ዓመት ልጅ ቃል ነው። «እሷን ጠየቅህ። እኔን አልጠየቅኸኝም።»

«እኔ መቼ ጠይቄህ አውቃለሁ?» አለ ኤልቪዮ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቄሃለሁ? በሬን አንኳኩተህ ትነግረኝ የነበርኸው አንተ ነህ። ምን ብዬ ልጠይቅህ? የማትነግረኝ ቀን ይመጣል ብዬ?»

ኦርኔላ ዘሮቹን ቀስ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ መልሳ አፈር አለበሰቻቸው።  ኤልቪዮ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ። ሲናገር የተናገረው ለእሷ ነው።

«ከገና በፊት እንደገና እዘራለሁ። ከኅብረት ሥራው ዘር እለምናለሁ። ኢንጂነር፣ መሰርሰሪያ መያዝ ትችያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ። እንደ እሳቸው አይደለም።»

«ያስተምርሽ» አለ ኤልቪዮ። «ሁሉንም ያስተምርሽ፤ እጁ የሚያውቀውን ሁሉ። ከዚያ በኋላ እሱ እዚህ መምጣት የለበትም።»

ፒክአፑን አስነስቶ ሄደ። ዴልፎር የሚሰድበው ቢያገኝ ይሻለው ነበር፤ ኦርኔላ ግን ስድብም አልወጣትም። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ «መቼ እንጀምር?» አለችው።

በማግስቱ ጀመሩ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ሌላም መካሻ አላገኘም። በየማለዳው ማሳ ለማሳ ይዟት ዞረ። መሰርሰሪያው ድንጋይ ሲነካና ደረቅ ሸክላ ሲነካ ድምፁ እንዴት እንደሚለይ ነገራት። አፈሩን መዳፏ ላይ እያደረገ «ጨብጪው፤ አታጥብቂ፤ አሁን ልቀቂው፤ ስንት ቦታ ተሰበረ?» አላት። የእሱ እጅ ሦስት ዓመት የፈጀበትን እሷ በአምስት ሳምንት ያዘችው። እያንዳንዱ ትክክለኛ ቁጥር ከአፏ ሲወጣ ዴልፎር «ጎበዝ» ይላታል፤ እያንዳንዱ «ጎበዝ» እንደ እሾህ ይወጋዋል። ማታ ማታ ግላዲስ ፊቱን አይታ መቀለድ ትታለች።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የኤልቪዮ ማሳ ላይ ነበሩ። ያለፈው ሳምንት ጥቂት ዘንቧል፤ ካርታው ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። ኦርኔላ ራሷ ሰረሰረች፤ ከሃያው የወጣውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለእሱ ሰጠችው። ሁለቱም ጨበጡ፣ ሁለቱም ለቀቁ። በመንገዱ የኤልቪዮ ፒክአፕ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ፤ መስኮቱ ወረደ።

«እንዴት ነው ኢንጂነር?»

ኦርኔላ ወደ ዴልፎር ዞረች፤ ቃሉን ልትሰጠው ፈልጋ ነበር። ዴልፎርም አንድ እርምጃ ወደ አጥሩ ተራመደ። የኤልቪዮ ዓይን ግን ከእሷ ላይ አልተነሳም።

«ገና ነው» አለች እሷ በመጨረሻ። «ሃያ ላይ አስራ አንድ ከመቶ ነው። አንድ ዝናብ እንጠብቅ።»

«እሺ» አለ ኤልቪዮ። መስኮቱን ዘጋና ሄደ።

ዴልፎርም አስራ አንድ ነው ሊል ነበር። አንድ ዝናብ እንጠብቅም ሊል ነበር። የጠየቀው ግን የለም።